ሎሚና ጨው የነካቸው የሮም ሳንቲሞች

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ያልጸዱ 30 የጥንት ሮማውያን የነሐስ ሳንቲሞች ገዛሁ። ሻጩ በታላቁ ቆስጠንጢኖስ ዘመን የተሠሩ፣ 1,700 ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው ብሏል። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በጨው ስታሽ እያየሁ ስላደግሁ እኔም አሥሩን እንደዚያ አደረግኋቸው። አብዛኞቹ ቀይ ሆነው አበሩ፤ ጽሑፋቸው ግን ጠፋ። ሁለቱ ደግሞ ከወር በኋላ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ማውጣት ጀመሩ፤ በጠረግሁት ቁጥር ይመለሳል። ዱቄቱን በምን ላጥፋው? ወደ ሌሎቹስ ይተላለፋል? የቀሩትን 20 እንዴት ላጽዳ? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹ያዛቸው፣ ሀብት ናቸው› ይላል፤ እውነት ነው? መስቀል ወይም የንግሥት እሌኒ ምስል ያለበትስ ይገኝባቸው ይሆን?»

ምላሽ፦ ከዱቄቱ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። በሎሚና በጨው ያሿቸውን አሥሩንም ሳንቲሞች ዛሬውኑ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) ውስጥ ይዘፍዝፏቸው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪን አለበት። ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩአቸው። ሎሚው ያደረሰው ጉዳት አልቋል፤ የጨው ጉዳት ግን ገና መጀመሩ ነው። እናትዎ የሚያሹት ዕቃ ላዩ ያልተበላ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ የሚለቀለቅ ደኅና ነሐስ ነው። የእርስዎ ሳንቲም አፈር ውስጥ ከርሞ ገላው በስንጥቅና በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል። በየስንጥቁ የገባው ጨው በአንድ እጥበት አይወጣም።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ተራ ዝገት አይደለም፤ በሙያው የነሐስ በሽታ ይሉታል። መነሻው ክሎራይድ ነው፤ ከጨዋማ አፈር፣ ከባሕር ውሃ፣ ከእጅ ላብ፣ በእርስዎ ዘንድ ደግሞ ከወጥ ቤት ጨው ጭምር ይመጣል። ክሎራይዱ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ከላይኛው ሽፋን ሥር ግራጫ፣ ሰም የሚመስል ንጣፍ ይሠራል። ደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ ይህ ንጣፍ ዝም ይላል። እርጥበትና አየር ሲያገኝ ግን ወደዚያ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፤ በዚያው ለውጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ያልተነካውን መዳብ ይበላል፤ ከተበላው መዳብም ያው ሰም መሳይ ንጣፍ እንደገና ይወለዳል። እርስዎ የሚጠርጉት ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ነው። ሥራዬ ብሎ የሚገታው ካላገኘ ትንሽ ሳንቲም ፈራርሶ ዱቄት እስከ መሆን ይደርሳል።

ይተላለፋል ወይ ላሉት፣ ጀርም ስላልሆነ በመነካካት አይተላለፍም። ሆኖም ሠላሳውም ከአንድ አፈር የወጡ ከሆነ ክሎራይዱ በሌሎቹም ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እርጥበት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ለብቻ ያኑሯቸው፤ የቀሩትን ደግሞ ይፈትኗቸው። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ያድርጉ፤ ሳንቲሞቹን ሶፍቱን እንዳይነኩ ለይተው ያስቀምጡና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። አዲስ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ያወጣ በሽተኛ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ በሽታ አይደለም። በእንጨት ስቴኪኒ ሲነኩት የማይነቃነቅ፣ ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ዘመን ያበጀው ሽፋን ነው፤ ሰብሳቢ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለውም ለእርሱ ነው። ሲነኩት እንደ ጠመኔ የሚቦን ከሆነ ነው የሚያሰጋው።

ለሁለቱ በሽተኞች ምን ይደረግ? ዱቄቱን በአጉሊ መነጽር ሥር በስቴኪኒ ወይም በመርፌ ጫፍ ከነጉድጓዱ ማውጣት፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ ለሳምንታት መዘፍዘፍ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ የላይ ላዩን ክሎራይድ ይቀንሳል፣ የጥልቁን ግን ሁልጊዜ አያወጣም። ሁለተኛው ሶዲየም ሴስኩካርቦኔት የተባለ የሶዳ ዓይነት ነው። ከመቶ 5 እጅ ያህል ተበጥብጦ ሳንቲሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆይበታል። ክሎራይዱን በደንብ ይስባል፤ የሽፋኑን ቀለም ሊለውጥ እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ። ሦስተኛው በአልኮል የተበጠበጠ ቤንዞትሪያዞል የተባለ ኬሚካል ሲሆን ክሎራይዱን ሳያወጣ መዳቡን ከጥቃት የሚሸፍን ነው። የሙዚየም ጠጋኞች ይጠቀሙበታል። መርዛማ ስለሆነ ግን ጓንትና አየር መሳቢያ የሌለው ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ እንዲሞክረው አልመክርም፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ከሦስቱም መንገዶች በላይ የሚሠራው ድርቀት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ በሽታው በአብዛኛው ይተኛል። የእንግሊዝ ቤት ከዚህ በላይ ነው፤ ክረምት ከበጋ። ስለዚህ በደንብ የሚገጠም ዕቃ ይግዙ፣ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ይጨምሩበት፣ ጥቂት ፓውንድ የምታወጣ የእርጥበት መለኪያም ውስጡ ያኑሩ። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር በምድጃ አድርቀው መልሰው ይጠቀሙበታል። ሳንቲሙ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በስሱ የሙዚየም ሰም መቀባት ይጠቅማል፤ እርጥብ ሳንቲም ላይ ሰም መቀባት ግን እርጥበቱን ከበሽታው ጋር መቆለፍ ነው። እንዲህም ሆኖ ለሁለት ሳንቲም ይህን ሁሉ ልፋ አልልዎትም። ፊታቸው ከጠፋ ለይተው ያኑሯቸው፤ አለበለዚያም መለማመጃ ያድርጓቸው።

አሁን ስለ ማጽዳት። ብዙ ሰው «ከቆሻሻው ሥር የሚያበራ ሳንቲም አለ» ብሎ ያስባል፤ እርስዎም ሎሚውን ያነሡት ለዚህ ነው። በጥንት ነሐስ ላይ ይህ አይሠራም። ሳንቲሙ ሲመታ የነበረው የላይኛው ገጽ በዘመናት ውስጥ ራሱ ወደ ማዕድን ተለውጧል። የንጉሠ ነገሥቱ አፍንጫ፣ የዘውዱ ዕንቁ፣ ፊደሎቹ ያሉት በዚያ ሽፋን ላይ ነው እንጂ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ አይደለም። በአሲድ ማንሣት ብራናን ለማንጣት ብሎ ፊደሉን አብሮ እንደ መፋቅ ነው። የቀዩት ሳንቲሞችዎ ጽሑፍ የጠፋው ስለዚህ ነው፤ የሚመልሰውም የለም። ሰው ሠራሽ ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ እርስዎ አይቀቡ። ሲሸጡም ሲሰጡም በአሲድ የታጠቡ መሆናቸውን ይናገሩ።

የቀሩትን 20 በዲስቲልድ ውሃ ይዘፍዝፉ፣ በየጊዜው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይስጧቸው፣ የሚለቀውን አፈር በእንጨት ስቴኪኒ ያንሡ። ዋናው መሣሪያ አጉሊ መነጽር ነው፤ ሁለተኛው ማቆም ማወቅ። ምስሉና ፊደሉ ከተነበበ ይብቃዎት፤ በፊደል መካከል የቀረ አፈር ነውር የለውም። የወይራ ዘይት ውስጥ ለወራት መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው። አፈር ያለሰልሳል፤ ዘይቱ እየቆየ ሲሄድ አሲድ ስለሚሆን ግን እኔ አልመርጠውም። የሽቦ ብሩሽ፣ ኮምጣጤ፣ በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ መስደድ፣ የብር ማጽጃ፣ እነዚህን ፈጽመው አይንኳቸው።

ወንድምዎ ሀብት ነው ያሉት ዕድሜውን አይተው ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። በቆስጠንጢኖስ ዘመን ከለንደን እስከ አንጾኪያና እስክንድርያ ከአሥር በላይ ማተሚያ ቤቶች ነበሩ፤ የመቱትም የገበያና የወታደር ደመወዝ ሽርፍራፊ ነው። ሰው በማሰሮ እየቀበረ ሳይመለስበት ስለቀረ እስከ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ከአንድ ጉድጓድ ይወጣል። ያልጸዳ ተብሎ በጅምላ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት እጅ የተመረጠበት ነው። ደህና ደህናው ወጥቶ የቀረው ነው እርስዎ ዘንድ የደረሰው። ስለዚህ ከሠላሳው አብዛኛው ለየብቻው ከጥቂት ፓውንድ አያልፍም። የተለመደ ዓይነት ሆኖ ፊቱ ያማረ፣ ሽፋኑ ያልተነካ ቢሆን እንኳ ከ10 እስከ 30 ፓውንድ ገደማ ነው።

ለምን እንዲህ እንደ ረከሱ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23 ገደማ ባደረገው ማሻሻያ ሴስተርሺየስ የሚባለው ሳንቲም 25 ግራም ያህል የሚመዝን፣ መዳፍ የሚሞላ፣ ከመዳብና ከዚንክ የተሠራ ቢጫ ነገር ነበር። አራቱ አንድ ዲናር ናቸው። በኔሮን፣ በትራያን፣ በሐድርያን ዘመን የተመቱትን ያየ ሰው የሮማን ቀራጭ እጅ ያደንቃል። እነዚህ ናቸው ገንዘብ የሚያወጡት። በሦስተኛው መቶ ዘመን የጦርነትና የዋጋ ንረት ጊዜ ብሩ እየቀጠነ ሄዶ በ260ዎቹ መጨረሻ «ብር» የተባለው ሳንቲም ከመቶ 5 እጅ ብር እንኳ የማይሞላ ነሐስ ሆነ፤ ላዩን ብቻ በብር ያነጡት ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገደማ 10 ግራም ያህል የሚመዝን አዲስ ትልቅ ነሐስ አወጣ። አርባ ዓመት ሳይሞላ ያው ሳንቲም ወደ 2.5 ግራም፣ ቀጥሎም ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። እርስዎ የገዙት ከዚህ ውድቀት ጫፍ ላይ ያለውን ነው።

ይህ ማለት አይረቡም ማለት አይደለም፤ ለማንበብ ከእነርሱ የተሻለ መማሪያ የለም። ከሠላሳው ውስጥ አንዱ ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት የቆሙበት እንደሚሆን እገምታለሁ፤ እጅግ የተለመደ ስለሆነ። ጦርና ጋሻ ይዘዋል፣ በመካከላቸው የጦር ዓርማ ተተክሏል። ዙሪያውን ያለው ላቲን የሠራዊቱ ክብር ማለት ነው። ዓርማው ሁለት ከሆነ ሳንቲሙ ከ330 እስከ 335 ባለው ጊዜ የተመታ ነው፤ አንድ ከሆነ ከዚያ በኋላ፣ ክብደቱ ሲቀንስ። ከወታደሮቹ እግር በታች ካለችው መስመር ሥር ጥቂት ፊደላት ያገኛሉ፤ የማተሚያው ከተማ ምልክት ናቸው። «ኤስ ኤም» ካለ በኋላ «ኤ ኤል» ካዩ እስክንድርያ ነው፤ ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ፣ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለበት ከተማ፣ ያውም በዚያው ትውልድ። ወታደር የወደቀ ፈረሰኛን በጦር ሲወጋ የሚያሳይ ካገኙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቆስጠንጢኖስ ልጅ የቆንስጣንዮስ ነው፤ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ስለ ፍሬምናጦስ ደብዳቤ የጻፈው ንጉሥ። ይህን ሁሉ ከሁለት ፓውንድ ሳንቲም ማንበብ መቻል ነው የዚህ ሥራ ደስታው።

መስቀል ፍለጋው ላይ ግን እንዳያዝኑ አስቀድሜ ልንገርዎት። የቆስጠንጢኖስ ነሐሶች በብዛት መስቀል የለባቸውም። ሮም አጠገብ ባለው ሚልቪያን ድልድይ ላይ በ312 ካሸነፈ በኋላ እንኳ ለተወሰኑ ዓመታት በሳንቲሙ ጀርባ የቆመው «የማይሸነፈው ፀሐይ» ነው፤ ጨረር ያለው አክሊል የደፋ ራቁቱን የሆነ አምላክ። የክርስቶስን ስም ምኅፃር በዓርማ ላይ የያዘው በ327 ቁስጥንጥንያ የተመታው ነሐስ ብርቅ ነው፤ ውድ ነው፤ ስለዚህም ይመሰላል። ጎልቶ የሚታየው ትልቁ ምኅፃር በምዕራብ ዙፋን ቀምቶ የነበረው ማግነንትዮስ በ353 ገደማ ያስመታው ነው። ኢዛና ግን በአክሱም ሳንቲም ላይ ቀድሞ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አንሥቶ መስቀሉን በሳንቲሙ ላይ በግልጽ አኑሮታል። በዚህ በኩል አክሱም ከሮም አልዘገየችም።

እሌኒ ትገኛለች። ቆስጠንጢኖስ በ324 አውግስታ የሚል ማዕርግ ከሰጣት በኋላ በስሟና በምስሏ ነሐስ ተመቷል። በፊቱ ላይ ዘውድ የደፋች፣ የአንገት ሐብል ያደረገች ሴት አለች፤ በጀርባው ቆማ ቅርንጫፍ ወደ ታች የያዘች ሴት፣ ዙሪያዋን የመንግሥት ደኅንነት የሚል ጽሑፍ። ከሞተች በኋላ ከ337 እስከ 340 የወጣውና ስለ ሕዝብ ሰላም የሚናገረው ደግሞ ይበልጥ ትንሽ ነው። በጅምላ ከገዙት ውስጥ ትወጣለች ብለው ግን አይጠብቁ፤ ሻጮች እሷን ለይተው ያወጣሉ።

ሐሰተኛ ሳንቲምን በተመለከተ፣ የሁለት ፓውንድ ሳንቲም አስመስሎ መሥራት ስለማያዋጣ እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ አይጨነቁ። ወደ ትልልቆቹ ሴስተርሺየሶች ሲወጡ ግን ይጨነቁ። አስመስሎ መሥራት ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ የፓዶቫው ጆቫኒ ዳ ካቪኖ (1500-1570) የሠራቸው ሴስተርሺየስ መሰል ሥራዎች እስከ ዛሬ በስሙ ይሰበሰባሉ። ቀልጦ የተጣለ ከሆነ ጠርዙን የሚዞር ስፌት፣ ገጹ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ፣ የሳሙና ያህል የደበዘዘ ፊደል ይኖረዋል። የበረሃ አሸዋ የለበሰ መስሎ የሚሸጠውን ሙጫ በሚያሟሟው አሴቶን ይፈትኑት፤ አሸዋው በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ይለቃል። ከሐሰቱ የሚከፋው እውነተኛ ሆኖ የተቀረጸው ነው፦ ያረጀ ሴስተርሺየስ ፀጉሩና ፊደሉ በመቅረጫ እንደገና ተቆፍሮ ሲሸጥ። ፊደሉ ከምስሉ ይልቅ አዲስ ከመሰለ አይግዙ።

ስለ ሕግ ሳላነሣ አላልፍም። በጅምላ የሚመጡት ሳንቲሞች ብዙዎቹ ከባልካን አገሮች ያለ ፈቃድ ተቆፍረው የወጡ ናቸው፤ ወረቀት የሌለውን ርካሽ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቆፋሪውን እያበረታታ ነው። ብረት መፈለጊያ ይዘው እርሻ ውስጥ መውጣት ካማረዎት ደግሞ፣ በእንግሊዝ በ1996 የወጣው ሕግ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው አሥርና ከዚያ በላይ የነሐስ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ከተገኙ ባገኟቸው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ የባለርስቱ ፈቃድም መቅደም አለበት። ከአገር ቤት «የአክሱም ነሐስ አለኝ» የሚል ሰው ቢደውልልዎ ስልኩን ይዝጉ። ከኢትዮጵያ መሬት የወጣ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚጠበቅ ነው፤ መግዛትም ማስወጣትም ራስን ጣጣ ውስጥ መክተት ነው። የእርስዎንም ሮማውያን ለወንድምዎ አዲስ አበባ ባይልኩ ይሻላል፤ አንድ ቀን መልሰው ሲያወጧቸው የማን እንደሆኑ ቦሌ ላይ ማስረዳት የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ሌላ ጅምላ አይግዙ። ለሠላሳ ያልጸዳ የሚያወጡትን ይቆጥቡና አንድ የእሌኒ ነሐስ፣ የጸዳና የተለየ፣ ከታወቀ የሳንቲም ነጋዴ በደረሰኝ ይግዙ። በደኅና ይዞታ በአብዛኛው ከ100 ፓውንድ በታች ይገኛል። ሲገዙ ክብደቱንና ስፋቱን፣ የማተሚያውን ከተማ፣ ቀድሞ በማን ስብስብ እንደነበረ ይጠይቁ፤ ነጋዴው ሳይመልስልዎት ካለፈው ይለፉት። ደረሰኙን ከሳንቲሙ ጋር ያኑሩ። የሚያስቀምጡበት ላስቲክ ለስላሳው ፒቪሲ አይሁን፤ እያረጀ የሚለቀው ነገር ሳንቲሙን አረንጓዴና የሚያጣብቅ ያደርገዋል። ማይላር የተባለውን ላስቲክ ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ይምረጡ፣ በጠርዙ ብቻ ይያዙት። ከሠላሳው የተረፉትን ደግሞ በክረምቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ በአጉሊ መነጽር ያዩአቸው።